የተስተካከለው ሰዓት

መምህር ክንዱ የተዛነፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቡሬ ገበያ ዳር ያለችው ሻይ ቤት በሯ ላይ «ምግብና መጠት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ «ት»ን «ጥ» ያደረገላት እሱ ነው። ሰው ሲያወጋ «የዛሬ አሥር ዓመት» ካለ «አሥራ አንድ ነው» ይላል፤ ቆጥሮም ያሳያል። ልክ መሆኑ አያጠራጥርም። ችግሩ፣ ልክ በሆነ ቁጥር አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው እየቀነሰ መሄዱ ነው። የሚያስተምርበት የጥቁር ውሃ ትምህርት ቤት ልጆች ስም ሲያወጡ ማን ይችላቸዋል፤ «አስተካካዩ» ይሉታል። ሰምቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ሳይለውም አልቀረም።

ጥቁር ውሃ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በበጋ ሞተር ሳይክልም ፒክአፕም ይገባል፤ ክረምት ሲሆን ግን በቅሎም ታመነታለች። ትምህርት ቤቱ ስምንት ክፍሎች፣ አንድ ዕቃ ቤትና ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ አለው። ቸርኬው ደወል መሆኑ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ አንዱ ለስድስት ልጅ ይደርሳል። ስድስቱም አንድ ላይ ሲደፉበት የዳር ዳሮቹ የሚያዩት ቁጥር ሳይሆን የጓደኛቸውን ጆሮ ነበር።

ቸርኬውን የሚደውሉት ዘበኛው አያ ዳኘው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ሳይጨርሱ አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻ ተመለሱ። በደርግ ጊዜ ማንበብና መጻፍ ስለሚችሉ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ተደረጉ። ያው ጽሕፈት በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ጦስ ሆነባቸው። «የደርግ ቢሮክራት» የሚል ወረቀት ተነበበና ከመሬታቸው አብዛኛው ለሌላ ተሰጠ። የቀረችው ቁራሽ ቤተሰብ አታበላም። የዘበኝነቱ ሥራ ባይኖር ኖሮ ከነባለቤታቸው አገር ጥለው ይሄዱ ነበር፤ ይህን ጥቁር ውሃ ውስጥ የማያውቅ የለም።

አያ ዳኘው ሰዓት የላቸውም። ጠዋት ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸው ራስ የደረሰበትን አይተው በጫማቸው እየለኩ ይቆጥራሉ፤ እንደ ወሩ ጫማው ይለያያል፤ በቃላቸው ነው የያዙት። ከዚያ ቸርኬውን ይመታሉ። ክንዱ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የእጅ ሰዓቱን ያያል።

«አያ ዳኘው፣ ሦስት ደቂቃ ቀድመዋል።»

«ለፀሐይዋ ንገራት እንጂ፤ እኔ ምን አደረግሁ?»

በየጠዋቱ ይኸው ነበር። ሁለቱም ይህን ካላሉ ቀኑ የተጀመረ አይመስላቸውም።

በ2006 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ክንዱ ወደ ፍኖተ ሰላም ተጠራ። አንድ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ላነሳቸው ትምህርት ቤቶች በሞባይል የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅቶ፣ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች አንዱ ጥቁር ውሃ ሆኖ ነበር። ሁለት ቀን ሠለጠነ። ሠላሳ ስልኮች፣ በጣሪያ ላይ የሚቀመጥ የፀሐይ ኃይል መሙያና አንድ የብረት ቁም ሣጥን ተረከበ። ስልኮቹ ሲም ካርድ የላቸውም። በአማርኛ የሚያስረዳ ድምፅ፣ ሥዕልና ጥያቄ ብቻ ነው የተጫነባቸው። ልጁ መቼ እንደከፈተው፣ ስንት ጥያቄ እንደሠራ ስልኩ ራሱ ይመዘግባል። መዝገቡን የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሜላት በየጊዜው እየመጣች ትወስድና ወደ ውጭ ትልካለች።

ሜላት ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ባሕር ዳር የተማረች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። በሥልጠናው መጨረሻ ላይ ጠቋሚ ጣቷን አንሥታ «ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ምንም ነገር እንዳትነኩ» አለች። ክንዱ ይህን ሰምቷል። ለማያውቁት የተነገረ መስሎት አለፈው።

ጥቁር ውሃ ደርሶ ስልኮቹን አንድ በአንድ ሲከፍት ሠላሳዎቹም 13፡40 ይላሉ። የእጅ ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ነው። ፈረንጅ እንዲህ እንደሚቆጥር ክንዱ አይጠፋውም። ነገር ግን የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሰዓት ማንበብ የሚማሩት በዚህ ዓመት ነው፤ «አሥራ ሦስት ሰዓት» የሚል ነገር አጠገባቸው አስቀምጦ ምን ሊላቸው ነው? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጦ ሠላሳውንም በአገሩ ሰዓት ሞላቸው። የዕለቱንም ቀን ሊያስተካክል ሞክሮ ነበር። ዓመቱን 2006 ሲለው ትምህርቱ አልከፈት ስላለ እሱን መለሰው። በመጨረሻም በርክክብ መዝገቡ ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቱ «ሰዓታቸው የተሳሳተ ሠላሳ ስልኮች ተስተካክለዋል» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወር ክንዱ በዕድሜው የማይረሳው ነው። ስልኮቹ ለጠዋት ፈረቃ ብቻ ናቸው። አያ ዳኘው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቸርኬውን ሲመቱ ይወጣሉ፣ ከክፍል ክፍል ይዞራሉ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሲመቱ ተቆጥረው ይመለሳሉ። ከሰዓት ኃይል ይሞላሉ። ማታ ቁም ሣጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉ አያ ዳኘው አንገት ላይ ከማዕተባቸው ጋር ያድራል። ስድስተኛ ክፍል ውስጥ አቻምየለሽ የምትባል ልጅ አለች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እጇን አውጥታ አታውቅም። ክፍልፋይን ከስልኩ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ እየመላለሰች ሰማችው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠራችው። ክንዱ ደስታው ወሰን አጣ፤ ቅናትም ቢጤ ነካው፤ እሱ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ይቆጣል፣ ስልኩ ግን አይቆጣም።

መጋቢት ሲገባ ከፍኖተ ሰላም ደብዳቤ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ወልደ ዮሐንስ ክንዱን ቢሮ ጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ አነበበለት። ከባሕር ማዶ በመጣው መረጃ መሠረት የጥቁር ውሃ ስልኮች ጥቅም ላይ የዋሉት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ በትምህርት ሰዓት አንድም ስልክ አልተከፈተም፤ ይህም ንብረቱ ለሌላ ጉዳይ መዋሉን ያሳያል፤ ስለዚህ ስልኮቹ ተሰብስበው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ፤ ተጠያቂውም ተጣርቶ እርምጃ ይወሰድበት ይላል።

«ውሸት ነው» አለ ክንዱ። «በየጠዋቱ እኔ ራሴ ነኝ የማድላቸው።»

«እኔስ መቼ ጠፋኝ። ግን ማሽን ለምን ይዋሻል?»

ይህቺ ጥያቄ ክንዱን ያዘችው። ማሽን አይዋሽም፤ ይህን ልጆቹንም አስተምሯቸዋል። እንግዲያስ ሌሊት የሚከፍታቸው ሰው አለ ማለት ነው። ቀን የተሠራው ለምን እንዳልተመዘገበ አልገባውም፤ ምናልባት ሌሊት የነካካቸው ሰው የቀኑን አጥፍቶት ይሆናል አለ በሐሳቡ። የማይገጥመውን ቁጥር በግድ አስገጠመው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢሠራ በሕይወቱ አልፎት አያውቅም።

ከደወሉ ሥር አያ ዳኘውን አገኛቸው።

«አያ ዳኘው፣ ሌሊት ስልኮቹን የሚያወጣቸው ሰው አለ?»

የሽማግሌው እጅ ወደ አንገታቸው፣ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«ቁልፉ የት እንደሚያድር ታውቃለኽ።»

«እሱን ስለማውቅ ነው የምጠይቅዎት።»

«እንግዲያማ ጠይቀኸኝ አይዶለም» አሉና ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ።

ክንዱ ጥያቄውን የሸሹት መሰለው። ያን ዕለት ለወልደ ዮሐንስ የምስክርነት ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። የማንንም ስም አልጠራም። «ቁም ሣጥኑ አልተሰበረም። ቁልፉ ሌሊት በማን እጅ እንደሚያድር የታወቀ ነው» ብሎ ብቻ ጻፈ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ልክ ነበሩ። ወልደ ዮሐንስ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የስንብት ደብዳቤ አዘጋጀ፤ ከመፈረሙ በፊት ግን፣ ነገሩ ከብዶት፣ አያ ዳኘው በሥላሴ ታቦት ምለው ነፃ ይውጡ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አያ ዳኘው እንቢ አሉ። ለስልክ ብዬ ታቦት አልጠራም አሉ፤ ሰውየው ሌባ ባይሆን ይምል ነበር የሚል ወሬ በመንደሩ ተነዛ። ባለቤታቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ለመቅዳት የምትሄደው ሰው ከወንዝ ከተመለሰ በኋላ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ሜላት ባዶ ካርቶኖች በጫነች ፒክአፕ መጣች። ቢሮ ውስጥ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ እሷ፣ ወልደ ዮሐንስ፣ ክንዱና አያ ዳኘው። አያ ዳኘው ጋቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አጣፍተው ነበር። የስንብቱ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ነው። ሜላት መጀመሪያ የክሱን ደብዳቤ ጮክ ብላ አነበበች።

ስትጨርስ አያ ዳኘው «ልጄ፣ ይኸ ወረቀት መጀመሪያ የተጻፈው ባማርኛ ነው?» አሏት።

«አይ፣ አባቴ። ከውጭ የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።»

«እኔ ትንሽ ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። እዚያ ንባቡን ሳንሰማ ትርጓሜውን አንቀበልም። ንባቡን አንብቢልኝ።»

«እንግሊዝኛውን? አይገባዎትም እኮ።»

«ቁጥሩም አይገባኝ ይኾን?»

ወልደ ዮሐንስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሜላት ጊዜዋ እየሄደ ስለሆነ ትንሽ ቅር ብሏት ከቦርሳዋ ረጅም ሠንጠረዥ አወጣች። ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየመለሰች አንድ በአንድ ታነብላቸው ጀመር። አያ ዳኘው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ቆይ» አሉ። «ቅዳሜና እሑድ የሚል አልሰማሁም።»

«ቅዳሜና እሑድ የለም።»

«በገናሳ?»

«በገና… የለም።»

«በቃና ዘገሊላ? በአስተርዮ ማርያም?»

ሜላት ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች ፈለገች። አልነበረም።

«እንዴት ያለ ደግ ሌባ ነው» አሉ አያ ዳኘው። «በዓል ያከብራል። ሰንበት አይሽርም። እኔ እንኳ በሰንበት እንጨት ፈልጬ አውቃለሁ።»

ክንዱ ወንበሩን ወደ ሠንጠረዡ አስጠጋ።

«አሁን ደግሞ ሰዓቱን» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ የመለስሺውን አይዶለም። ፈረንጁ የጻፈውን።»

«ፈረንጁ የጻፈው ዜሮ ሁለት ሠላሳ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ሌሊት ማለት ነው፤ ወደኛ ሲመለስ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ይሆናል። መዝጊያው ደግሞ ዜሮ ስድስት፣ ማለት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት ተኩልና ስድስት።»

«አዎ።»

«እኔ ቸርኬውን የምመታው ሁለት ተኩልና ስድስት ነው» አሉ አያ ዳኘው። ዓይናቸውን ገለጡና ክንዱን አዩት። «ከዚያ በላይ የማውቀው የለኝም። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ካለ ይናገር።»

ክንዱ ያኔ ገባው። ኅዳር ላይ ያን ከሰዓት በኋላ አጎንብሶ ሠላሳ ጊዜ የጫናቸው ቁልፎች ሁሉ ጣቶቹ ላይ የተመለሱ መሰለው። ወልደ ዮሐንስ አልገባውም፤ ሜላትም ግንባሯን ቋጥራ ወረቀቱ ላይ ቀርታለች። እሱ ካልተናገረ ስልኮቹ ራሳቸው ተበላሽተው ነው ሊባል ይችላል። ቻይና የተሠራ ዕቃ ተብሎ ይታለፋል። አስተካካዩ መምህር፣ አትንኩ የተባለውን ነክቶ ሽማግሌ ሊያስባርር ነበር ከሚባል ያ ይሻል ነበር። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኑ «ተሳስቻለሁ» ያለበትን ቀን አያስታውስም። እፍረቱ ጆሮውን አጋለው፤ ለደቂቃ ያህልም ዝም ሊል ወስኖ ነበር።

ከዚያ የአያ ዳኘውን እጅ አየ። ቁልፉን ከነማዕተቡ አጥብቆ ጨብጧል። አነጋገራቸው ሁሉ ጨዋታ መስሎት እንጂ ሰውየው ከገቡ ጀምሮ ፈርተው ነበር። አንድ ጊዜ በወረቀት መሬታቸውን ያጡ ሰው ናቸው።

ተነሥቶ ሄደና ከክፍል አንድ ስልክ፣ ከዕቃ ቤት የርክክብ መዝገቡን ይዞ ተመለሰ። ስልኩን ከሜላት ስልክ አጠገብ አስቀመጠው። የእሷ 10፡10 ይላል። የትምህርት ቤቱ 4፡10።

«እኔ ነኝ» አለ። «የሠላሳውንም ሰዓት ወደኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። እዚህ ፈርሜበታለሁ።»

ሜላት ሁለቱን ስልኮች፣ ከዚያ መዝገቡን፣ ከዚያ እሱን አየች። «ምንም አትንኩ ብያችሁ ነበር።»

«ብለሽናል።»

«እኔ ደግሞ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዴ የተመለሰውን ሰዓት እንደገና መለስኩት። ያንን ትርጉም ሦስት ጊዜ ነው ያረምኩት።» ፊቷ ቀላ። የተናደደችው በእሱ ይሁን በራሷ አላወቀችም። ካርቶኖቹን መልሳ ፒክአፑ ላይ አስጫነች፤ ጥቁር ውሃ ከተመረጡት ትምህርት ቤቶች ሁሉ በጠዋት ትምህርት አንደኛ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ዛሬውኑ ለባሕር ማዶዎቹ ጽፋ እንደምታስረዳ ተናገረች። ከዚያ ወደ አያ ዳኘው ዞራ፣ ጎንበስ ብላ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለች። ወልደ ዮሐንስ የስንብቱን ደብዳቤ ለአራት ቀደደው። ሠላሳው ስልክ እዚያው ቀረ።

ስድስት ሰዓት ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ፣ ክንዱ ከባሕር ዛፉ ሥር ደህና የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገና ወደ አያ ዳኘው ሄደ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ እየቀረ ነው፤ መምህር ደግሞ ሲያደርገው ጥቁር ውሃ አይታ አታውቅም። ልጆቹ ባሉበት ቆመው ቀሩ። አቻምየለሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ አጎንብሶ። «ስምዎን አልጻፍኩትም፤ እንደተጻፈ ያህል ግን አደረግሁት።»

አያ ዳኘው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከጫንቃው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይቅር ብያለሁ፣ ከልቤ ነው።»

ከዚያ ቁልፉን ከማዕተባቸው ክር ላይ ፈቱት። ቋጠሮው ጠንክሮ ስለነበረ ጊዜ ወሰደ። በመዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ይኸን ግን አንተ ያዘው።»

«አያ ዳኘው፣ ይቅር ብያለሁ ብለውኛል እኮ።»

«ብያለሁ። ግቢውን እጠብቃለሁ፤ ደወሉንም እደውላለሁ። ግን አንድ ዕቃ የጠፋ ቀን መጀመሪያ ወደ ማን ዞረኽ እንደምታይ አውቄያለሁ። ቁልፍ አንገቴ ላይ አድርጌ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ክንዱ ልክ አይደሉም ሊላቸው ፈለገ። ልክ ነበሩ።

በማግሥቱ ሌላ ጊዜ ከሚመጣበት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነውና ከእንግዲህ መዘግየት የለም። አያ ዳኘው ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ ሄደው ቸርኬውን መቱ። ክንዱ ከልማድ የተነሣ የእጅ ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ቀድመዋል።

አያ ዳኘው የመምቻውን ብረት እንደያዙ ወደ እሱ ዞረው የዘወትሩን ቃል ጠበቁ።

ክንዱ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ስልኮቹን መቁጠር ጀመረ።